በሸሀቡ ስም ያለ ዕቃ

ደባርቅ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ኑራ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

አላህ አንቺንም በሆድሽ ያለውንም በእጁ ይያዝልኝ። የጅግጅጋ አቧራ እንዴት አድርጎሻል? ባልሽ ውሃ መቅዳቱን አልተወም ብዬ አስባለሁ፤ ከተወ ንገሪኝ፣ ደውዬ አሳየዋለሁ። እኛ ዘንድ ብርዱ ገብቷል። ጠዋት ጠዋት ከስሜን ተራራ የሚወርደው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ገብሱ ግን ዘንድሮ አምሯል፣ የዳባት ሰው ሁሉ ፊቱ ፈክቷል።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ጨርቅ ነጋዴዋ ጎረቤታችን ናት። ዕቃ ላመጣ ጅግጅጋ እሄዳለሁ ስትለኝ ቅቤውን፣ በሶውን፣ የአጥሚቱን እህል ጫንኩባት። ፊቷን ስታጠቁር አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። በስልክ ልነግርሽ ነበር እኮ። እየደወልኩ ስለ ቅቤው፣ ስለ እግርሽ እብጠት፣ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁት። «እማዬ፣ ድምፅሽ ምን ሆነ?» ስትዪኝ ጉንፋን ነው አልኩሽ። ጉንፋን አይደለም። እግርሽን ከፍ አድርገሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ እኔም ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ።

ባለፈው የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። «ወንድ ከሆነ የአባቴን ስም ላወጣለት ነው» ብትዪኝ ጮኼብሽ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት። በእኛ ቤት በሕይወት ያለ ሰው ስም ለልጅ አይወጣም። እናቴ አላደረገችውም፣ የአባትሽም እናት አላደረገችውም። «አባትሽ ሲመጣ ስሜን ማን ወሰደብኝ ይበል?» ነበር ያልኩሽ።  

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ግን ታውቂያለሽ። አባትሽ በዚያ በጦርነቱ ክረምት የድብ ባሕርን ጤና ጣቢያ ጀነሬተር ሊጠግን ሲወርድ «ማታ እመለሳለሁ» ብሎን ነው የሄደው። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ጠፋ። ተኩሱ ጋብ ካለ በኋላ የአባትሽ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሹም ጋሽ ቢራራ በራችን ድረስ መጥተው «ትናንት በመገናኛ ሬድዮው ሰማነው እኮ! ደህና ነኝ፣ መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ ብሎሻል» አሉኝ። አንቺ ያኔ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ እቤት ነበርሽ። ተቃቅፈን ስናለቅስ የሰማ ጎረቤት ለቅሶ መስሎት ሮጦ መጣ።

በዚያች ቃል ነው የኖርነው። ከተኩሱ በኋላ ድምፁ ከተሰማ አለ ማለት ነው። ታስሮ ይሆናል፣ ታሞ ይሆናል፣ ሱዳን ተሻግሮ ይሆናል፤ ግን አለ። ሼኽ ሙጃሂድ «ነሲባ፣ አራት ዓመት አለፈ፤ ዒዳሽን ተቀመጪ፣ እኛም የሙት ሰላት እንስገድለት» ሲሉኝ «ሼሃችን፣ ዒዳ የምትቀመጠው ባሏ የሞተባት ናት፤ የእኔ ባል በሬድዮ ሰላም ብሎኛል» እያልኩ ስመልሳቸው ኖርኩ። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ወሬው ልምጣ።

የመሥሪያ ቤቱን ወግ ከአባትሽ አፍ ሰምተሻል። እዚያ አንዲት ቻርጀር እንኳ በአንድ ሰው ስም ሳትሆን አታድርም። በስምሽ የወሰድሽውን ራስሽ ቀርበሽ እስክታስረክቢ ድረስ ቢሰበርም ቢቃጠልም ያንቺ ነው፣ ማንም አውጥቶ አይጥለውም። ስለዚህ ንብረት ክፍሉ በሞተ ስልክ፣ በደነዘዘ ካልኩሌተር፣ በተበጠሰ ገመድ ጢም ብሎ ይኖራል።

ባለፈው ሳምንት ወለተ ጊዮርጊስ እየተጣደፈች መጣች። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ፣ ያቺ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ቤት የሚገባው። ያን ቀን ግን አልሳቀችም።

«ነሲባዬ፣ ጉድ መጥቶብናል» አለች ገና በሩን ሳትዘልቅ። «ከጎንደር መኪና መጥቷል። የተበላሸ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከየቢሮው እየለቀሙ ነው። ዳባትን ጨርሰው እኛ ጋ ደረሱ። አዲስ አበባ ወስደው መዳቡን ለብቻው፣ ፕላስቲኩን ለብቻው፣ መርዙን ለብቻው ያወጡታል አሉ።»

«ታዲያ እኔን ምን አገባኝ? የእኔ ቤት የኤሌክትሪክ ዕቃ አንዲት ምድጃ ናት፤ እሷም ትሠራለች።»

«የባልሽ የሸሀቡ ክምር አለ እኮ። ጋሽ ቢራራ ባለቤቱ ሳይመጣ አይነካም ብለው በሩ ላይ ቆመዋል። ትናንት ደግሞ ከክምሩ ውስጥ ጭስ ወጣ። በአሸዋ አጠፉት እንጂ ግቢው ሊነድ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ተቆጣና፣ እሱ ከሌለ ሚስቱ መጥታ ታስረክብ አለ።»

«የሚያስረክብ ሥራውን የሚለቅ ሰው ነው» አልኳት። «ሸሀቡ አልለቀቀም።»

«እሱስ አውቃለሁ፣ እኅቴ። ግን እሳቱ ይህን አያውቅም።»

እምቢ ብዬ አሰናበትኳት። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩና በነጋታው ሻርፔን ተከናንቤ ሄድኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በመንገድ ላይ ጋሽ ቢራራን በልቤ ስመርቃቸው ነበር። ሁሉ ሰው ትቶት እሳቸው የባሌን ቦታ ጠበቁ ብዬ።

ግቢው ውስጥ መኪናዋ ቆማለች። ከኋላዋ በርሜሎች ተደርድረዋል፤ አንዱ ግማሽ ድረስ ደረቅ አሸዋ ነው። ውዱ የሚሉት የጎንደር ጎልማሳ እስከ ክርኑ ጓንት አጥልቆ ሥራውን ይመራል። ወሬኛ ነው፣ ወደድኩት። «ማዘር፣ እዚህ ይቀመጡ፤ ባትሪ ብቻ በእጅዎ አይንኩ» አለኝ። ጥላችሁት ብትሄዱ ምን ይሆናል ብዬ ስጠይቀው፣ «ዝናብ ያጥበዋል፣ መርዙ ወደ ምንጭ ይወርዳል፤ ከዚያ እርስዎ ይጠጡታል፣ ላምዎ ትጠጣዋለች፣ የላሟን ወተት ደግሞ የልጅ ልጅዎ» አለኝ። ስለ ልጅ ልጅ ሲናገር አንቺን አሰብኩ።

ክምሩን ሳይ ግን ክው አልኩ። አባትሽ በስሙ የነበረው ጥቂት ዕቃ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እያንዳንዱን ቤት እያመጣ ያወራልኝ ነበር። የተከመረው እስከ መስኮቱ ይደርሳል። ካርቶን በካርቶን ላይ፣ ገመድ በገመድ ላይ፣ ሁሉም ላይ «ሸሀቡ» የሚል ፕላስተር ተለጥፏል።

ውዱ አንዱን አነሳ። «ይሄ የፀጉር ማድረቂያ ነው።»

«የማን? የሸሀቡ?» አልኩ። «ራሱ እንደ መስተዋት የሚያበራው ሸሀቡ ፀጉሩን ያደርቅ ነበር?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ወለተ ጊዮርጊስ በነጠላዋ አፏን ይዛ «ኧረ የእኔ ናት!» አለች። «ለጥምቀት ዋዜማ ቢሮ ውስጥ ስሽቀረቀር ተቃጠለችብኝ። ለኃላፊው ምን ብዬ ልንገረው? ሸሀቡ አይቀየመኝም ብዬ እዚያ ጣልኳት።»

ከዚያማ ሰዉ ሁሉ ተራ በተራ ወጣ። ሥሩ የነደደው የውሃ ማፍያ የሒሳብ ክፍሉ ሆነ። ዘፈን ሲያንጫጫ ኖሮ የፈነዳው ድምፅ ማጉያ፣ ታምኚኛለሽ፣ የኃላፊው ራሱ። እያፈረ ፕላስተሩን ላጠው። አባትሽ ከሄደ በኋላ የተሰበረው፣ የተቃጠለው፣ ውሃ የፈሰሰበት ሁሉ በስሙ ሆኗል። ሲኖርም የተበላሸ ነገር ይዞ ወደ እሱ ያልሮጠ አልነበረም። እየሳቅሁ እንባዬ መጣ። አራት ዓመት ሙሉ ዕቃቸውን ሲረከብላቸው ኖሯል።

ጋሽ ቢራራ ብቻ አልሳቁም። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው በሩ መቃን ላይ ተደግፈዋል። ክምሩ ባነሰ ቁጥር ፊታቸው እየከሳ የሚሄድ መሰለኝ። ሁሉም የየራሱን ወስዶ አስረክቦ ሲያበቃ ጥግ ላይ አንድ ትንሽ ካርቶን ቀረች፤ ጠርዟ ጠቁሯል።

«እሱን ተወው አንተ ልጅ» አሉ። «ባዶ ነው።»

ውዱ መዳፉን አስጠጋ። «ባዶ ካርቶን አይሞቅም፣ ጋሼ።»

ከፈተው።

ኑራ፣ ያቺ ቀይ የፀጉር ላስቲክሽ ትዝ ትልሻለች? አባትሽ የእጅ ሬድዮው የባትሪ ክዳን አልገጥም ሲለው ከራስሽ ላይ መንጭቆ «ለመንግሥት ሥራ ተፈልጋለች» ያለሽ፤ አንቺም ሳምንት ሙሉ ያኮረፍሽው። እሷ ናት መጀመሪያ የታየችኝ። ሬድዮዋ አብጣ ክዳኑ ተንጋዷል፣ ላስቲክሽ ግን እንደታሰረች ይዛዋለች።

መሥሪያ ቤቱ የነበሩት ሁለት ሬድዮዎች ብቻ እንደሆኑ ታውቂያለሽ። አንዷ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ፣ አንዷ አባትሽ ወገብ ላይ።

ሳቁ ጠፋ። 

«ጋሽ ቢራራ» አልኩ። «ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?»

ዝም።

«በምንድን ነው ታዲያ ሸሀቡ ያናገራችሁ?»

ሽማግሌው በሩ ሥር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ቻርጅ ላይ ትቷት ነው የሄደ» አሉ። «መብራት ሄዶ ስለነበር አልሞላችም። ማታ እመለስ የለ፣ ምን ታደርግልኛለች ብሎ ተዋት። ያገኘኋት እኔ ነኝ።»

«ማንም አልሰማውም?»

«ማንም።»

ወለተ ጊዮርጊስ «ወይ እመቤቴ!» ስትል ሰማኋት።

«ያን ቀን የመጣሁት ምንም የለም ልልሽ ነበር» አሉ ጋሽ ቢራራ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። «በሩን ስትከፍቺ ልጅቱ ከኋላሽ ቆማለች። ዓይኗን አየሁት። አፌ በራሱ ተናገረ፣ ነሲባ። ነገ ሄጄ አቃናዋለሁ አልኩ። በነጋታው ስመጣ ቤቱን ጠርገሽ፣ አልጋውን አንጥፈሽ፣ ለእሱ በግ ታስመርጪ ነበር። በምን አፌ ልናገር? ከዚያ ወዲያ ይቺን ሰው እንዳያይብኝ ያመጡትን ሁሉ ከላይ ከመርኩባት። የሌላው ዕቃ መሆኑን አጥቼው መሰለሽ?»

የልጅቱ ዓይን ያሉት ያንቺን ነው። ይህን የጻፍኩት በራስሽ ላይ እንድትፈርጂ አይደለም፤ እንዳታደርጊው። ሰው የተራበ ዓይን ሲያይ እጁ ላይ ባይኖረውም አለ ይላል።

እጮህ ይሆን ብለው ሁሉም ይጠብቁኝ ነበር። እኔም ጩኸቴን ጠበቅኩት፤ አልመጣም። ያልኩት አንድ ነገር ነው። «ሬድዮዋን ቤቴ እወስዳታለሁ።»

ውዱ ከፊቴ ቁጢጥ አለ። ወሬኛነቱ ሁሉ ጠፍቶ ነበር። «ማዘር፣ የፈለጉትን እሰጥዎታለሁ፤ ይቺን ግን ቤት አያስገቧት። ባትሪዋ አብጣለች። ትናንት ያጨሰችው እሷ ናት። አንድ ቀን ተኝተው ሳለ ትነድብዎታለች።»

«እንግዲያ ላስቲኳን ስጠኝ።»

እንድነካት ፈቀደልኝ። ላስቲክሽን ሳላቅቃት ክዳኑ በራሱ ወደቀ። ውዱ ያበጠችውን ባትሪ በጓንቱ አወጣና እንደ ዕንቁላል ይዞ አሸዋው በርሜል ውስጥ አስቀመጣት። «እዚህ ብትነድም ሰው አትጎዳም» አለኝ። አካፋውን ሊያነሳ ሲል ቆይ አልኩት።

በእፍኜ አሸዋ አፈስኩና ጨመርኩባት። ደገምኩ። ሠለስኩ። ወንዶቹ በመቃብር አፍ ላይ ቆመው እንደሚያደርጉት።

ቀና ስል ወለተ ጊዮርጊስ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ኃላፊውም ኮፍያውን አውልቋል። ማንም ማንንም አላዘዘም። «ሸሀቡ በስሙ የነበረውን ሁሉ አስረክቧል» አልኩ፣ ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፣ ሻርፔን አስተካክዬ ወጣሁ። መኪናዋም ከሰዓት በኋላ ወደ ጎንደር አቀናች፤ ከሱቃችን ደጃፍ ቆሜ እስክትታጠፍ አየኋት።

ቤት ስገባ የአባትሽን ጫማ ከበሩ ሥር አነሳሁት። ሲመጣ እንዳይፈልገው ብዬ አንድ ቀን አላዘዋወርኩትም ነበር፤ አንቺ ለእረፍት ስትመጪ ስንት ጊዜ ተደናቅፈሽበታል። አቧራውን ጠርጌ ለሼኽ ሙጃሂድ ላክሁላቸው፣ ለሚያደርገው ይስጡት። ሰውየው ገባቸው። ምንም ሳይጠይቁ ጁምዓ ዕለት ከሰላት በኋላ ሕዝቡን አቁመው በሌለበት ሰገዱለት። የመስጊዱ ግቢ ሞልቶ እስከ መንገዱ ተሰልፎ ነበር አሉኝ። ጀነሬተሩን፣ ወፍጮውን፣ ቴሌቪዥኑን ያልጠገነለት ሰው ደባርቅ ውስጥ የለም መቼም።

እኔም ሼሃችን ደጋግመው የለመኑኝን ዒዳ ተቀምጫለሁ። ሱቁ ተዘግቷል፣ ከቤት አልወጣም። ለዚህ ነው፣ ልጄ፣ ለመውለጃሽ እደርሳለሁ ብዬሽ የማልደርሰው። በምጥሽ ሰዓት እጅሽን የምይዝ እኔ ነበርኩ። አራት ወር ከዐሥሩ ቀን ሲያልቅ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ፤ እስከዚያ የባልሽ እናት ትያዝሽ። ፍርፍር አብዝታ ብታበላሽም አትቆጪያት፣ በደግነት ነው። ወገብሽን በደንብ ታስሪ። ነፋስ እንዳይመታሽ።

ስለ ጋሽ ቢራራ ትጠይቂኛለሽ፤ አውቅሻለሁ፣ የአባትሽ ቁጣ ያንቺም ነው። የለቅሶው ድንኳን ከተተከለ ጀምሮ በየጠዋቱ ይመጣሉ። ከሽማግሌዎቹ ጋር ዳር ላይ ይቀመጣሉ፣ እንጨት ይፈልጣሉ፣ ውሃ ያስቀዳሉ፣ ወደ ቤት ግን ቀና ብለው አያዩም። ሰዉ ሁሉ ምን እንደምል ይጠብቃል። የመጀመሪያ ቀን ላባርራቸው ፈለግሁ። በማግሥቱ ምሳ ላክሁላቸው። ለምን እንደላክሁ አትጠይቂኝ። ያ ውሸታቸው ባይኖር በዚያ ክረምት አንቺን ወደ ትምህርትሽ መልሼ ልሰድሽ የምችልበት ጉልበት አልነበረኝም፤ ይህን አውቃለሁ። እውነቱን ቢነግሩኝ ደግሞ ይህን ያህል ዘመን በር በተንኳኳ ቁጥር አልዘልም ነበር፤ ይህንንም አውቃለሁ። ሁለቱን አጣልቼ አንዱ እንዲያሸንፍ ማድረግ አቃተኝ። ይቆይ።

ቀይዋ ላስቲክሽ በበሶው ከረጢት ውስጥ በጨርቅ ተቋጥራለች፤ ጎረቤታችን ሳታይ አውጪያት። ላልታለች፣ ፀጉር አትይዝም። ብቻ ያንቺ ስለሆነች መልሼልሻለሁ።

አላህ ምጥሽን ያቅልልሽ። ከአልጋሽ በደህና ያንሳሽ። ያባትሽን እጅ ለሥራ፣ ያባትሽን ሳቅ ለቤት የወረሰ ልጅ ይስጥሽ። ሴት ከሆነች አንቺና ባልሽ የወደዳችሁትን ስም አውጡላት፣ እኔ አልገባም። ወንድ ከሆነ ግን ያን የጮህኩብሽን ስም አውጪለት።

አውጥተሽለት ስታበቂ ደውዪና ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊልኝ። አንቺ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ እንጠራዋለን። በዚህ ቤት ያን ስም «ሲመጣ» ሳይባልበት ከጠራነው ብዙ ጊዜ ሆኖናልና አፌ እንዲለምደው ነው።

እናትሽ ነሲባ፣
የሸሀቡ ባለቤት